ለድኽነት ምስክር መቁጠር፤ የአሜሪካ የኮሌጅ ርዳታ ማመልከቻ ታሪክ

መንግሥትና ዜጋ ፊት ለፊት የሚገናኙባቸው ስፍራዎች ብዙ አይደሉም። ፍርድ ቤት አንዱ ነው፤ የግብር መሥሪያ ቤት ሌላው ነው፤ የውትድርና ምልመላም እንዲሁ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጸጥ ያለው፣ ታሪክ ጸሐፊዎችም ብዙ ጊዜ ሳያዩት የሚያልፉት መገናኛ ግን የማመልከቻ ቅጽ ነው። ቅጹ ይጠይቃል፤ አመልካቹ ይመልሳል። ጠያቂው አይታይም፤ ድምፁም አይሰማም። ተጠያቂው ግን ስሙን፣ የአባቱንና የእናቱን ገቢ፣ የቤተሰቡን ቁጥር፣ አንዳንድ ጊዜም እምነቱን ሳይቀር ይናገራል። ለመድረክ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ቃለ ምልልስ ሲያነብ አስቀድሞ ወደ አእምሮው የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጠያቂው ምን ሰግቶ ነው ይህን የሚጠይቀው? የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአሜሪካ አንድ ተማሪ ለኮሌጅ ትምህርቱ ከመንግሥት የገንዘብ ርዳታ ለማግኘት የሚሞላው ቅጽ ባለፉት ሰማንያ ዓመታት እንዴት እንደተለወጠ በዚሁ ጥያቄ መነጽር መመርመር ነው። ርእሱ ከሩቅ የመጣ ይመስላል፤ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሲያትል፣ በአትላንታ፣ በዳላስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻቸው ሁለተኛ ደረጃን በሚጨርሱበት ዓመት ከዚሁ ቅጽ ፊት ይቀመጣሉ። ከዚህም ሌላ፣ ደጅ ጥናትን ለሚያውቅ፣ በፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ተቀምጦ ላየ አንባቢ «ድኻ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» የሚለው ጥያቄ እንግዳ አይሆንበትም። (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከ1944 መጀመር ይገባል። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በዚያ ዓመት ጁን 22 ቀን የፈረመው ሕግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሚመለሱ ወታደሮች የትምህርትን በር ከፈተ። መንግሥት ለኮሌጁ በዓመት እስከ 500 ዶላር ይከፍላል፤ ለተማሪው ለራሱ ደግሞ ለኑሮው በወር 50 ዶላር፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ካለው 75 ዶላር ይሰጠዋል። ለዚህ ሁሉ ዋነኛው ማስረጃ የአገልግሎት ዘመንና የስንብት ወረቀት ነበር። አባትህ ምን አለው? እናትህ ምን ትሠራለች? ብሎ የጠየቀ የለም። የገበሬውም ልጅ የባለ ባንኩም ልጅ በአንድ ሰልፍ ቆሙ። በዚህ መንገድ 2.2 ሚሊዮን ያህል የቀድሞ ወታደሮች ኮሌጅ ገቡ። ሕጉ በጽሑፉ የቆዳ ቀለም አልለየም፤ ይሁን እንጂ በደቡብ ክፍላተ አገር የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ለጥቁሮች ዝግ ስለነበሩ፣ የጥቁሮች ኮሌጆችም ጥቂትና የተጨናነቁ ስለነበሩ፣ አንድ ዓይነት የስንብት ወረቀት የያዙ ሁለት ወታደሮች አንድ ዓይነት ዕድል አላገኙም።

የጦርነቱ ትውልድ ተመርቆ ካለቀ በኋላ ለመጣው ተማሪ ሌላ መለኪያ አስፈለገ። መለኪያውን የፈጠረው መንግሥት አልነበረም። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው የኮሌጆች ማኅበር በ1954 የስኮላርሺፕ አገልግሎት ክፍል አቋቋመና «የወላጆች ምስጢራዊ መግለጫ» የሚል ርእስ ያለው ቅጽ አሳተመ። ለስሌቱ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ በሐርቫርድ የተማሪዎች ርዳታን ይመራ የነበረው ጆን ሞንሮ ነው። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ኮሌጆች ጎበዝ ተማሪን በገንዘብ እየተጫረቱ ከሚሻሙ ርዳታው ለተቸገረው ይድረስ ነው ያለው። የሰውየውን ቅንነት ለሚጠራጠር፣ ሞንሮ በ1967 የሐርቫርድን ዲንነት ትቶ በበርሚንግሃም፣ አላባማ ወደሚገኘው ማይልስ ወደተባለ የጥቁሮች ኮሌጅ ሄዶ ማስተማሩ በቂ መልስ ነው። ነገር ግን በዚያ ቅጽ አማካይነት እስከ ዛሬ ያልተነቀለ አንድ ሥር ተተከለ። ርዳታ የሚሻው ልጁ ብቻ ቢሆንም ተጠያቂው ቤቱ በሙሉ ሆነ። ርዳታ የማይሻ ባለጸጋ ቅጹን አይሞላም፤ ምስጢሩም በቤቱ ይቀራል። «ምስጢራዊ» የሚለው ቃል የተጻፈው ምስጢሩን አውጥቶ ለሚናገረው ነው።

መንግሥት ወደዚህ ጉዳይ በገሃድ የገባው በፍርሃት ነው። ሶቪየት ኅብረት ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ስፑትኒክን ወደ ሕዋ ስትልክ አሜሪካ በሳይንስ ተቀደምኩ ብላ ደነገጠች። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሴፕቴምበር 2 ቀን 1958 የፈረመው «የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ» ለተማሪዎች በዓመት እስከ 1,000፣ በጠቅላላው እስከ 5,000 ዶላር ብድር ፈቀደ፤ መምህር ለሆነ ተበዳሪ በየዓመቱ አሥር አሥር በመቶ እየተቀነሰ እስከ ግማሹ ይማርለታል። ይህ ለመምህራን የተሰጠ ክብር መልካም ነበር። ከዚሁ ጋር ግን ሁለት መሐላ ተያይዟል፤ አንደኛው ለአገር ታማኝ መሆንን፣ ሁለተኛው መንግሥትን በኃይል ለመጣል የሚያስተምር ድርጅት አባል ወይም ደጋፊ አለመሆንን የሚያረጋግጥ ነው። ሐርቫርድና ዬል በ1959 ከብድሩ ወጡ። ሁለተኛው መሐላ እስከ 1962 ድረስ ቆየ። የመሐላው ሞኝነት ለማንም ግልጽ ነው። በእርግጥ ሊያታልል የመጣ ሰው ያለ አንዳች ጭንቀት ይፈርማል፤ ብዕሩን አንሥቶ የሚያመነታው ለቃሉ የሚጠነቀቀው ነው። ሆኖም ለታሪካችን ዋናው ነጥብ፣ የባለጸጋው ልጅ በአባቱ ገንዘብ ሲማር ስለ እምነቱ የጠየቀው የለም፤ የተጠየቀው ተበዳሪው መሆኑ ነው።

የሚቀጥለው ክፍል በመድረክ ቢቀርብ ተመልካች ዐይኑን የሚጠርግበት ነው። ሊንደን ጆንሰን በ1920ዎቹ መጨረሻ በቴክሳስ፣ ሳን ማርከስ በነበረው የመምህራን ኮሌጅ ሲማር ወለል እየጠረገ፣ እየተበደረ ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅበት ትምህርቱን አቋርጦ በ1928 ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የሜክሲኮ ተወላጆች ለሆኑ የድኾች ልጆች አስተማሪ ሆነ፤ በዚያ ደመወዝ ተመልሶ ትምህርቱን ጨረሰ። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1965፣ የከፍተኛ ትምህርትን ሕግ ለመፈረም የመረጠው ቦታ ቤተ መንግሥቱን ሳይሆን ያንኑ የቀድሞ ኮሌጁን ነበር። በንግግሩም የኮቱላን ልጆች ፊት አስታወሰ፤ ከእነዚያ ልጆች ለአንዱም እንኳ የኮሌጅ በር ሊከፈት እንደማይችል፣ ምክንያቱም ድኽነት ብቻ እንደሆነ ሲረዳ የተሰማውን ሕመም ተናገረ። ጆንሰን በቬትናም ጦርነት ምክንያት በታሪክ የሚወቀስ ሰው ነው፤ ወቀሳውም ይገባዋል። የዚያን ዕለት የፈረመው ግን አሁንም ድረስ እየታደሰ የሚሠራበት ሕግ ነው።

የ1965ቱ ሕግ የድጎማውን ገንዘብ ያስቀመጠው በኮሌጆቹ እጅ ነበር። የሮድ አይላንዱ ሴናተር ክሌይቦርን ፔል ግን ድጎማው ተማሪውን ይከተል፤ ተማሪው ወደ መረጠው ኮሌጅ ይዞት ይሂድ ሲል ተከራከረ። ጁን 23 ቀን 1972 በፕሬዚዳንት ኒክሰን የተፈረመው ማሻሻያ ይህንኑ ተቀበለ። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1973–74፣ ትልቁ ድጎማ 452 ዶላር ነበር፤ የተሰጠውም ለአዲስ ገቢ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ብቻ ነው። በ1980 ድጎማው በሴናተሩ ስም ፔል ተባለ። እንደ እኔ አስተያየት በማመልከቻው ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም። ቀደም ሲል ተማሪው የሚያየው የኮሌጁን ሹም ፊት ነበር፤ ሹሙ ይራራል ወይም አይራራም። ከዚህ በኋላ ግን የሚወስነው ስሌት ነው። ስሌት አያዝንም፤ ነገር ግን የዘመድን ልጅም አይለይም።

ችግሩ ስሌቱ ምግብ የሚፈልግ መሆኑ ነው፤ ምግቡም ጥያቄ ነው። መንግሥት የራሱን ቅጽ አወጣ፤ ክፍላተ አገር የየራሳቸውን ጨመሩ፤ ኮሌጆች በክፍያ የሚሠሩ ድርጅቶችን ቅጽ ያዙ። ርዳታ የሚለምነው ተማሪ ለመለመኛው ወረቀት ገንዘብ የሚከፍልበት ጊዜ መጣ። በዚህ መካከል ሸንጎው ቅጹን ለሌላ ጉዳይ ሊጠቀምበት እንደሚችል ተረዳ። በ1982 በኒው ዮርኩ እንደራሴ ጄራልድ ሶሎሞን ስም የሚጠራው ሕግ ወጣና፣ ዕድሜው የደረሰ ወንድ ተማሪ ሁሉ ለውትድርና መመዝገቡን ካላረጋገጠ የትምህርት ርዳታ አያገኝም ተባለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1984 ሕጉ ጸና። የ1958ቱ መሐላ በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። በ1998 ደግሞ በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የተፈረደበትን ተማሪ ከርዳታ የሚያግድ ድንጋጌ መጣ፤ በኋላ፣ በ2006፣ ርዳታ እየተቀበሉ ሳለ ጥፋተኛ በተባሉት ብቻ እንዲወሰን ቢደረግም ጥያቄው ከቅጹ ላይ አልጠፋም። በ1994 በወጣው የወንጀል ሕግ እስረኞች ከፔል ድጎማ ተከለከሉ። እነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች ከትምህርት ጋር የሚያገናኛቸው ክር የለም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድኻው ተማሪ ከቅጹ ፊት ተቀምጧል፤ እስከ ተቀመጠ ድረስ ለምን ይህንንም አንጠይቀውም? የሚለው የሹማምንት ልማድ ነው።

የ1992ቱ ማሻሻያ ቢያንስ የክፍያውን ነውር አስቀረ። ለፌዴራሉ መንግሥት ርዳታ አንድ ነጻ ቅጽ እንዲኖር ታዘዘ፤ ይህም በእንግሊዝኛ ስሙ ፊደላት ምሕጻር «ፋፍሳ» ተባለ። የስሙ የመጀመሪያ ቃል «ነጻ» ማለት ነው። ወረቀት በነጻ የሚታደል መሆኑን ከስሙ አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው፣ ከዚያ በፊት ነጻ ስላልነበረ ነው። የመኖሪያ ቤት ዋጋም ከስሌቱ ወጣ። ከ1997 ጀምሮ ቅጹ በኢንተርኔት ሊሞላ ቻለ። ጥያቄዎቹ ግን ከመቶ በላይ ሆኑ።

ይህ ቅጽ ምን ያህል ሰው እንዳስቀረ ለረጅም ጊዜ በግምት ይነገር ነበር። በ2006 ሱዛን ዳይናርስኪና ጁዲት ስኮት ክሌይተን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ቅጹን መርምረው፣ ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ በውጤቱ ላይ የሚያመጡት ለውጥ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳዩ። ከዚያም በ2008 በኦሃዮና በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርሎት ከተማ አንድ ሙከራ ተደረገ። ኤች ኤንድ አር ብሎክ በተባለው የግብር ሂሳብ አዘጋጅ ድርጅት ቢሮዎች ግብራቸውን ሊያሠሩ የመጡ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በዕጣ ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን የሂሳብ ሠራተኛው ቀድሞ በእጁ ከነበረው የግብር መረጃ እየገለበጠ በአሥር ደቂቃ ያህል ጊዜ ቅጹን ሞላለት። ለሁለተኛው ወገን ስለ ርዳታው መረጃ ብቻ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም የተለየ ነገር አልተደረገለትም። ውጤቱ የሚያስገርም ነበር። ምንም ካልተደረገላቸው ቤተሰቦች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ያጠናቀቁት 28 ከመቶ ሲሆኑ፣ ቅጹ ከተሞላላቸው መካከል ግን 36 ከመቶ ሆኑ። መረጃ ብቻ የተሰጣቸው ከሌሎቹ አልተለዩም። እንግዲህ ልጁን ከትምህርት ያስቀረው አለማወቅ አልነበረም፤ ስንፍናም አልነበረም። አጠገቡ ራፖር ጸሐፊ አለመኖሩ ነው። አንድ ትውልድ «የድኻ ልጅ የትምህርት ፍላጎት የለውም» ተብሎ ሲታማ ከቆየ በኋላ፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ስምንት ከመቶውን አሻገረው።

በሸንጎው ውስጥ ነገሩን ከያዙት መካከል የቴነሲው ሴናተር ላማር አሌግዛንደር ይገኛሉ። ሴናተሩ የቀድሞ የትምህርት ሚኒስትር ሲሆኑ፣ 108 ጥያቄዎች ያሉበትን ቅጽ በስብሰባ ላይ ከእጃቸው ወደ ታች እየዘረጉ ማሳየትን ልማድ አደረጉት። ተዋናይ አይደሉም፤ ግን መድረክ ምን እንደሚወድ ያውቁ ነበር። በሥራ ዘመናቸው መጨረሻ ሳምንታት፣ ዲሴምበር 27 ቀን 2020፣ ማቃለያው ሕግ በታላቁ የበጀት ሕግ ውስጥ ገብቶ ተፈረመ። ጥያቄዎቹ ከግማሽ በታች ወረዱ። የገቢ መረጃ በቀጥታ ከግብር መሥሪያ ቤት እንዲመጣ ታዘዘ። የውትድርናውና የአደንዛዥ ዕፁ ጥያቄዎች ተሰረዙ፤ እስረኞችም ከጁላይ 2023 ጀምሮ ፔልን እንደገና አገኙ። «ከቤተሰብ የሚጠበቅ መዋጮ» ይባል የነበረው ቁጥር «የተማሪ ርዳታ መለኪያ» ተባለ፤ እጅግ የተቸገረው ተማሪ ከዜሮ በታች፣ እስከ 1,500 ሲቀነስ ድረስ ሊወርድ ቻለ። በሌላ በኩል አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ልጆች ኮሌጅ ሲያስገባ ያገኘው የነበረ ቅናሽ ቀረ፤ ብዙ ልጅ ላለው ቤት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

በሕግ የቀለለው ቅጽ በሥራ ላይ ሲውል ግን ከበፊቱ የከበደበት ዓመት መጣ። እንደ ልማዱ ኦክቶበር 1 ቀን መከፈት የነበረበት አዲሱ ፋፍሳ ዲሴምበር 30 ቀን 2023 ተከፈተ፤ እርሱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየተከፈተ እየተዘጋ ነበር። የስሌቱ ሠንጠረዥ ለዋጋ ንረት አለመስተካከሉ ታወቀ፤ እርማቱ ለተማሪዎች 1.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚያስገኝ ነበር። በቀናት ውስጥ ለኮሌጆች ይደርስ የነበረው መረጃ እስከ ማርች 2024 ዘገየ። የሸንጎው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ባቀረበው ሪፖርት፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ለርዳታ ማእከሉ ከተደወሉት ስልኮች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሳይነሡ መቅረታቸውን ገለጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክቱ ተማሪዎች ቁጥር በ9 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። ትልቁ የፔል ድጎማ በዚያ ጊዜ በዓመት 7,395 ዶላር ስለነበረ፣ ቅጹን ሳይሞላ የቀረ ድኻ ተማሪ ምን እንዳጣ ማስላት አያስቸግርም።

ከሁሉ የከፋው የደረሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በሌላቸው ወላጆች ልጆች ላይ ነው። ልጁ በአሜሪካ ተወልዶ ዜጋ ሊሆን ይችላል፤ በሕጉም ርዳታው ይገባዋል። ይሁን እንጂ በአዲሱ ሥርዓት በቅጹ መረጃ እንዲሰጥ የሚጠየቅ ወላጅ የራሱን መለያ ከፍቶ በቅጹ ውስጥ ገብቶ መፈረም አለበት፤ ቁጥር የሌለው ወላጅ ደግሞ እስከ ማርች 2024 አጋማሽ ድረስ በማሽኑ አልታወቀም። ጥያቄዎቹ ቀንሰው ሳለ በሩ ግን ጠበበ። ድሮ ቅጹ «ምን አላችሁ?» ይል ነበር፤ አሁን ከዚያ በፊት «እናንተ ማን ናችሁ?» አለ።

ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያውያን ቤት ውስጥ የሚፈጥረውን ነገር ለብቻው ማንሣት ይገባል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። እንበል፣ ከበደ አበበ የተባለ ተማሪ አባቱ አበበ ተሰማ፣ እናቱ አልማዝ ወልዴ ናቸው። በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩት ሦስት ሰዎች በቅጹ ላይ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይቀርባሉ። ስምና የትውልድ ቀን ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ስለሚነጻጸር፣ በስደት ጉዞ ላይ አንድ ጸሐፊ የአባትን ስም ከአያት ስም ጋር አዛንፎ ጽፎት ከሆነ፣ ወይም የትውልድ ዘመኑ ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ ተሳስቶ ከሆነ፣ ያ የቆየ ስሕተት ልጁ ኮሌጅ በሚገባበት ዓመት ይመጣል። የቃል ጉዳይም አለ። አዲሱ ቅጽ ወላጆችን በእንግሊዝኛ «አዋጪ» በሚል ቃል ይጠራቸዋል። በዕድርና በማኅበር መዋጮን ለሚያውቅ አባት ይህ ቃል ግዴታ ነው፤ ስሙን ካሰፈረ የሚከፍል ይመስለዋል። እንዲህ የመሰለው በእኛ ሰዎች ብቻ አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ቃሉ የመክፈል ግዴታ እንደማያመጣ ማስረዳት አስፈልጎታል። ለቃላት ምርጫ የሚጨነቅ ደራሲ በዚያ ክፍል ቢኖር ኖሮ ሌላ ቃል ይፈለግ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ለንጽጽር ያህል የአገራችን መንገድ የተለየ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራትን ሥርዓት ሲያቆም ተማሪው ውል ፈርሞ እንዲማር፣ ከተመረቀ በኋላ ከገቢው እንዲከፍል ደነገገ። የነጋዴውም የገበሬውም ልጅ የሚፈርሙት አንድ ዓይነት ውል ነው፤ የአባትን ኪስ የሚመረምር ጥያቄ የለበትም። የሚጠየቀው ወደፊት የሚገኘው ደመወዝ ነው። ይህ አሠራር ባለጸጋውንና ድኻውን እኩል በመመልከቱ የራሱ ጉድለት አለው፤ ጥሩ ገንዘብ ከፍሎ በተሻለ ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደርሶም እንደ ሌላው ይቆጠራል። ሁለቱን ማስታረቅ ለሕግ አውጪዎች የሚተው ከባድ ሥራ ነው።

የአሜሪካው ቅጽ ከዚያ ክፉ ዓመት በኋላ ቀስ በቀስ ተስተካክሏል። የሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ኦክቶበር 1 ቀን 2024 በጥቂት ተማሪዎች ተፈትኖ ኖቬምበር ላይ ለሁሉም ተከፈተ፤ በዲሴምበር የወጣ ሕግም ኦክቶበር 1 የማይታለፍ ቀን እንዲሆን አስገደደ፤ የ2026–27 ቅጽ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2025፣ ከቀጠሮው ቀድሞ ተከፈተ። ቁጥር የሌላቸው ወላጆችም አሁን መለያ ሊከፍቱ ይችላሉ። ሕጉ በቅጹ የተሰበሰበ መረጃ ለትምህርት ርዳታ ሥራ ብቻ እንዲውል ያዝዛል። ሆኖም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ተማሪዎችን የሚረዱ ማኅበራት ለእነዚህ ቤተሰቦች ሙሉ ዋስትና ለመስጠት እንደሚቸገሩ እየተናገሩ ነው። አንድ ወላጅ ልጁ ዜጋ ሆኖ፣ ርዳታው በሕግ ተፈቅዶለት፣ ቅጹም ቀልሎ ሳለ፣ ስሙን ከመጻፉ በፊት ይህ ወረቀት ወደ ማን ይሄዳል? ብሎ ይጠይቃል።